ጽጌረዳን በነሐሴ መምረጥ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር



በጥቅምት ወር በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ከተደረደሩት ችግኞች መካከል ጽጌረዳ የሚገዛ ሰው የሚመለከተው አበባውን ነው። ቀለሙ የደመቀውን፣ እንቡጡ ረዘም ያለውን መርጦ በደጁ ይተክላል፤ እስከ ግንቦት ድረስም ይደሰትበታል። ክረምቱ ገብቶ ነሐሴ ላይ ሲደርስ ግን ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ፣ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ የሚቀረውም እሾሃም እንጨት ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ወይ «እጄ ለአበባ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል፤ ወይ መርዝ ገዝቶ፣ ልጆች በሚጫወቱበትና ጎመን በተተከለበት ግቢ መርጨት ይጀምራል። ጥፋቱ ግን የእጁም የአፈሩም ሳይሆን የምርጫው ነው። ምርጫውን የሚመክረው ባለሙያው ስለሆነ፣ ነገሩ ይህን ማኅበር በቀጥታ ይመለከታል።

ጥቁር ነጠብጣብ የፈንገስ በሽታ ነው። ፈንገሱ ቅጠሉን በስቶ ለመግባት፣ ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ መቆየት አለበት። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ በሆነው በአዲስ አበባ ደጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ይህ ሁኔታ ከቶ አይታጣም። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ባላጋራ ይተካል። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን፣ አመድ የመሰለ ነጭ ሻጋታ በለጋው ቅጠልና በእንቡጡ ላይ ይታያል፤ ይህኛው ዝናብ አያስፈልገውም። እንግዲህ በደጋው ጽጌረዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተናል ማለት ነው።

ይህ ድክመት ከየት መጣ ቢባል፣ ከፊሉ ታሪክ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ፈረንሳዊው አዳቃይ ፔርኔ ዱሼ «ሶሌይ ዶር» የተባለውን ዝርያ አቀረበ። ቢጫውን ቀለም ያገኘው ሮዛ ፌቲዳ ከተባለው የምዕራብ እስያ ጽጌረዳ ነበር። ሆኖም ከቀለሙ ጋር ለጥቁር ነጠብጣብ መጋለጥም ወደ ልጅ ልጆቹ ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ1945 ስሙን ያገኘው ዝነኛው «ፒስ»ም በእርጥብ አየር በዚሁ በሽታ ይጠቃል።

ሁለተኛው ምክንያት የዕለት ተዕለት ነው። በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ አካባቢ ለውጭ ገበያ የሚመረቱት ጽጌረዳዎች በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያድጋሉ፤ ዝናብ ቅጠላቸውን አይነካም፤ ውኃውም እየተመጠነ ከሥራቸው ይደርሳል። የተመረጡትም በዘንጋቸው ርዝመትና ከተቆረጡ በኋላ ሳይጠወልጉ በመቆየታቸው ነው። ከእነዚህ ቅርንጫፍ ወስዶ በደጅ የሚተክል ሰው፣ ከጣራ ሥር ያደገን ልጅ ያለ ጋቢ ወደ ክረምት እንደሚልክ ይቆጠራል።

አዳቃዮቹም ይህን ተገንዝበዋል። በጀርመን አገር አዲስ ዝርያዎች የሚመዘኑበት ብሔራዊ ፈተና ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ አንዳች የመድኃኒት ርጭት ይካሄዳል። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው «ኖክ አውት»ም ጥቁር ነጠብጣብን በመቋቋሙ ታውቋል፤ መዓዛው ግን እምብዛም ነው። ጤናን የሚመርጥ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሌላውን ጌጥ ይተዋል፤ ይህም ለገዢው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ለደጋው የሚሆን ዝርያ እንዴት ይታወቃል? አንደኛ፣ መድኃኒት ባልተረጨበት የጎረቤት ግቢ፣ በነሐሴ መጨረሻ ቅጠሉን ያላረገፈውን መፈለግ ነው። ሁለተኛ፣ ያንኑ ተክል በኅዳር ተመልሶ ማየትና ከአመዱ ሻጋታ መዳኑን ማረጋገጥ ነው። ሦስተኛ፣ የአበባው ቅጠል እጅግ የተደራረበው እንቡጥ በዝናብ ተጣብቆ ሳይፈካ ስለሚበሰብስ፣ ሳሳ ያለውን መምረጥ ነው። የተመረጠውም ቢሆን ቢያንስ የ6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበትና ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ይሻል፤ ውኃውም በማለዳ፣ ከሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ መፍሰስ የለበትም።

የውጭ አገር ዝርዝር ብቻውን አያስተማምንም፤ የጥቁር ነጠብጣብ ፈንገስ ልዩ ልዩ ጎሣዎች ስላሉት፣ በአንድ ስፍራ የተቋቋመ ዝርያ በሌላው ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ ከአባላቱ የሚጠበቀው ሥራ ቀላል ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ በሚኖርበት ከተማ፣ በነሐሴና በኅዳር፣ ቅጠሉን የጠበቀውንና ያረገፈውን ጽጌረዳ በስሙ መዝግቦ ማቆየትና ለባልደረቦቹ ማካፈል ነው።

በደጋው አጥርና በጫካ ዳር የሚበቅለው ቀጋ የአገሩ ጽጌረዳ ነው። ነጭ አበባው ባለ አምስት ቅጠል ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሚረጨውም የሚጠለልበትም ሳይኖረው ስንት ክረምት አሳልፏል። ለግቢ የሚመረጠው ጽጌረዳም በዚሁ ሚዛን ይመዘን፤ አበባው በጥቅምት ቢያስደስትም፣ ፍርዱ የሚሰጠው በነሐሴ ነው።