ትል ሁሉ ጠላት አይደለም

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ፤ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳ የተለጠፈ)



ዛሬ የቆምነው ስለ ትል ልንናገር ነው። ሳቅ የመጣበት ይኖራል። ነገር ግን በዚህ ክረምት በትል ምክንያት ሁለት ጎረቤቶች ተኳርፈዋል፣ የአንዲት እናት ዶሮዎች አልቀዋል፣ የማኅበራችንም ገንዘብ ባክኗል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባናል።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። የአንዱ ጎረቤት የጓሮ በቆሎ ተበላ። ከአጥር ማዶ ባለው ቶቢያ ላይ ደግሞ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ትል ታየ። «አያ፣ ትልህ በቆሎዬን ጨረሰው» ተባለ። መልስ ተመለሰ፣ ነገሩ ከረረ፣ ቶቢያው በሌሊት ተቆርጦ አደረ። እኛም ኮሚቴዎቹ ሳናጣራ ከሳጥን ገንዘብ አውጥተን፣ የእርሻ መድኃኒት ገዝተን በየጓሮው አስረጨን። በማግስቱ የዶሮዎቹ ነገር ተሰማ። በቆሎው ግን መበላቱን አልተወም። ይህ ጥፋት የእኛ ነው፣ ሌላ ሰው ላይ አንጥለውም።

ኋላ ልጆቻችን ትሎቹን በጣሳ ሰብስበው አመጡልን። ከግብርና ባለሙያ ጋር ሆነን አንድ በአንድ ብናያቸው ለካ ያንድ እናት ልጆች አይደሉም!

ቢራቢሮና የእሳት እራት ቅጠል አይበሉም። አፋቸው እንደ ቀጭን ቱቦ ነው፣ የአበባ ወለላ ይመጣሉ። ቅጠል የሚበላው ልጃቸው ትሉ ነው። ትሉ ሲጠግብ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፣ ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። እናቲቱም እንቁላሏን የምትጥለው ልጇ ሊበላው በሚችለው ተክል ላይ ነው። ስለዚህ ትሉን ለመለየት መጀመሪያ የተቀመጠበትን ተክል እዩ።

አንደኛ፣ የቶቢያው ትል። ጀርባው ላይ ሦስት ጥንድ ጥቁር ክር አለው። ምግቡ ቶቢያና እንደ ቶቢያ ነጭ ወተት ያላቸው ዘመዶቹ ናቸው። የቅጠሉ መርዝ ሰውነቱ ውስጥ ስለሚቀር ወፍ እንኳ ይሸሸዋል። ሲያድግ ብርቱካናማ ቢራቢሮ ይሆናል። በቆሎ አይበላም! ቶቢያው ያለ ጥፋቱ ነው የተቆረጠው።

ሁለተኛ፣ የሎሚና የብርቱካን ትል። ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ሲነኩት ከአንገቱ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል። ሕፃናት ይደነግጣሉ እንጂ አይናደፍም። ችግኝ ላይ ከሆነ በእጅ ልቀሙት። ትልቅ ዛፍ ግን ይችለዋል።

ሦስተኛ፣ የድሮው ተምች። ሲበዛ ጠቆር ብሎ በጀርባው ላይ መስመር ያወጣል፣ በመንጋ ይጓዛል። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ሣር ያጠፋል፣ ሽምብራና ባቄላን ግን አይነካም። ይህ ሲታይ ሳይውል ሳያድር ለቀበሌ መነገር አለበት።

አራተኛ፣ መጤው ተምች። በቆሏችንን የበላው ይኸ ነው። የመጣው ከአሜሪካ ነው። ምዕራብ አፍሪካ በ2008 ዓ.ም. ታየ፣ በ2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን የኪ ወረዳ በኩል አገራችን ገባ። ምልክቱ ግንባሩ ላይ እንደ ተገለበጠ ባላ ያለ ነጣ ያለ መስመር ነው። ከጭራው አጠገብም አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። አንዲቱ እናት ከ1000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ትሉ የበቆሎው ልብ ውስጥ ገብቶ የእንጨት ፍቅፋቂ በመሰለ ኩስ ይሸፈናል። የረጨነው መድኃኒት ያልደረሰበትም ለዚህ ነው። መፍትሔው በሳምንት ሁለት ጊዜ ጓሮን ማየት፣ ጸጉር የለበሰውን የእንቁላል ክምር በጣት መጨፍለቅ፣ ትሉንም ገና ትንሽ ሳለ መልቀም ነው።

አምስተኛ፣ አገዳ ቆርቁር። ማሽላውን ከውስጥ ይቦረቡራል፣ በጋውን እዚያው አገዳው ውስጥ ይከርማል። እኛ አገዳውን አቁመን ስንከምር ለከርሞ ዘር እያስቀመጥንለት ነው ማለት ነው። ለከብትና ለአጥር የምንፈልገውን አገዳ አንድ ወር ያህል በፀሐይ ላይ አጋድመን ብናሰጣ አብዛኛው ትል ይሞታል።

አንዳንዶቻችሁ «ትል ካየን አንበጣ ሊወለድ ነው» ስትሉ ሰምተናል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ራያ ቆቦ ላይ የወረደው የአንበጣ መንጋ ያደረሰውን ስላየን ብንፈራ አይፈረድብንም። ግን አንበጣ ከትል አይወጣም። ከእንቁላሉ ሲፈለፈል ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ሆኖ ነው የሚወጣ።

ስለ መድኃኒትም አደራ እንላለን። የእርሻ መድኃኒት ጓሮ ውስጥ ባለሙያ ሳይጠየቅ አይረጭ። ዶሮ ብቻ አይደለም፣ ንብም ይፈጃል። ባዶ ጠርሙሱን ለዘይትም ለውሃም የሚያጥብ ሰው ካለ በልጆቹ ሕይወት እየቀለደ ነው።

በመጨረሻ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች በሽማግሌ ፊት ተገናኝተው ቡና ጠጥተዋል። ቶቢያውም ከሥሩ አቆጥቁጧል፣ ማንም እንዳይነካው። የቀረው የዶሮዎቹ ካሳ ነው። ያስረጨነው እኛ ስለሆንን ከሳጥን ይከፈል ብለን ሐሳብ አቅርበናል። በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ ስለምናወጣ ማንም እንዳይቀር። ትል ያገኘም በጣሳ ይዞ ይምጣ፣ አብረን እናየዋለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ቆቦ