ስለ አራዊተ ገዳም የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርትና ስለ አመልካቾቹ፤ በሺንሺቾ የተሰጠ ዲስኩር



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት የዱር አራዊትን ሥነ ምህዳር በሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚሻ ወጣት እንደምን እንደሚያመለክት ነው፤ ይሁንና ዘመኔን የፈጀሁት ፍልፈልን በመመርመር ነውና አስቀድሜ ስለ እርሱ ብናገር እንደምትታገሡኝ አምናለሁ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከፍታው ከ4000 ሜትር በሚያልፈው በሳነቴ አምባ፣ ከባሌ በቀር በሌላ ምድር የማይገኝ ግዙፍ ፍልፈል አለ፤ ዓይኖቹ ወደ አናቱ የተጠጉ ናቸውና ከጉድጓዱ ብቅ ሲል መጀመሪያ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ቀጥሎም የኋላ አካሉን ከጉድጓዱ ሳያርቅ ሣሩን በጥርሱ ነጭቶ ወደ ኋላው ይሸሻል። ቀይ ቀበሮም ጆሮዋን ቀስራ በዚያው ጉድጓድ አፍ ታደባለች፤ በኢትዮጵያ ብቻ የምትኖረው፣ አዋቂዎቿም ወደ 500 ብቻ እንደ ቀሩ የሚገመተው የዚህች ፍጥረት ህላዌ በባሌ የተመሠረተው በዋነኛነት በዚህ ፍልፈልና በአይጦች ላይ ነው።

እናቶች ሆይ፣ የዚህን ፍልፈል ዘመድ ከእኔ አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ደኅና ቆሞ ሳለ ቅጠሉ የጠወለገውን እንሰት በእጃችሁ ገፋ ስታደርጉት የሚወድቀው እርሱ አምቾውን ከሥር ቦርቡሮ ስለ ጨረሰው ነው። በዚሁ አገር አንዲት እናት ጓሮአቸውን እያሳዩኝ፣ «ይህን ትቶ ያንን የሚበላው ስለ ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ዝርያውን ይመርጣልን? የአፈሩን እርጥበት ይከተላልን? ወይስ እርሱን የሚበላ ጉጉት ከሚያርፍበት ዛፍ ይርቃል? ይህን የመሰለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ አመልካች፣ ተፈጥሮን እወዳለሁ ብቻ ከሚለው ይልቅ በመምህራን ፊት እጅግ የከበረ ነው።

ተመራቂዎች ሆይ፣ ጊዜው ስላጠረ የማመልከቻውን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። አስቀድማችሁ ሀገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይገባችኋል፤ ከዚያም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በወንዶ ገነት ኮሌጅ ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለ መቀበያው ጊዜና ስለ መሥፈርቱ ጠይቁ፣ የውጤት ማስረጃችሁንም አሰናዱ። የድጋፍ ደብዳቤ በመስክ ሥራችሁን ያየ መምህር ይጻፍላችሁ። ከዛሬ ጀምሮም በጓሮአችሁ የፍልፈል አፈር ጉብታ ባያችሁ ቁጥር ቀኑን፣ የእንሰቱን ዝርያና ከአጥሩ ያለውን ርቀት በደብተር መዝግቡ፤ አማካሪ ይሆነኛል ከምትሉት መምህር ዘንድ ስትቀርቡ ያን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።