በይፋት ቆላ ስለ ኢንሱሊን መርፌና ስለ አዲሱ የስኳር መለኪያ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኢንሱሊን በ1921 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ከተማ ከተገኘ ወዲህ፥ መድኃኒቱን ለሚያገኝ ሰው የስኳር በሽታ የሞት ፍርድ መሆኑ ቀርቷል። ነገር ግን ልክ ይፈልጋል። ሲያንስ ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ በሽተኛውን ያልበዋል፥ ያንቀጠቅጠዋል፥ ራሱንም ያስተዋል።

ይህ ችግር በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ይበረታል። ሙቀት መድኃኒቱ ከቆዳ ሥር ፈጥኖ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ሽንኩርትና ማሾ ሲኮተኩት የዋለ ገበሬ ጡንቻው ስኳሩን ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምን፥ እስላሙ ረመዳንን ይጾማል። የመርፌው ልክ የትናንቱ ቢሆንም የዛሬው ሥራና ምግብ የትናንቱ አይደለም።

ጣትን ወግቶ መለካት የዚያችን ደቂቃ ብቻ ይነግረናል። አዲሱ መለኪያ ግን በክንድ ላይ ይለጠፋል፤ ቀጭን ክሩ ከቆዳ ሥር ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር በየጥቂት ደቂቃው ሌሊትም ቀንም ይለካል። እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 15 ቀን ይሠራል። ስኳሩ እየወጣ ወይም እየወረደ መሆኑን በቀስት ያሳያል፤ ብዙዎቹም ከልክ ሲወርድ ደውለው የተኛውን ይቀሰቅሳሉ። ከደሙ በጥቂት ደቂቃ ስለሚዘገይ ግን፥ የሚሰማው ሕመምና ቁጥሩ ካልተስማሙ ጣትን ወግቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ 15 ግራም ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፥ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ነው።

«ይህ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ይኖራል። ዋጋው ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ጣት መውጊያና መለኪያ ወረቀት ለሌለው ሰው አስቀድሞ እርሱ ይድረሰው። ነገር ግን መለኪያው ዓመቱን ሙሉ መለጠፍ የለበትም። አንድ በሽተኛ ጾም ከመግባቱ በፊት ለሁለት ሳምንት ብቻ ቢለጥፈው፥ ሐኪሙ የቀንና የሌሊቱን አካሄድ አይቶ የመርፌውን ልክ ሊያስተካክልለት ይችላል። መድኃኒቱንም ፀሐይ እንዳያበላሸው፥ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ውኃ በሚርከፈከፍበት አሸዋ መካከል በተቀመጠ የሸክላ ገንቦ ውስጥ ማኖር ይጠቅማል።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደ አገራቸው የሚሄዱትን የሕክምና ተማሪዎች ይህን ትምህርት እንዲያስይዝ፥ የሁለት ሳምንቱም መለኪያ በወረዳ ሆስፒታሎች እንዲገኝ ለጤና ሚኒስቴር እንዲጽፍ አሳስባለሁ። መርፌውን ሰጥተን ልኩን ካላሳየነው፥ ገበሬውን በጨለማ መንገድ ላይ ትተነው መሄዳችን ነው።