ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ የፊትና የዓይን ቅባቶች በእርግጥ ይሠራሉን?

(በክሊኒኩ የጤና ትምህርት ሰዓት ለባለትዳሮች የቀረበ ንግግር)



ተራችሁ እስኪደርስ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ጆሮ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። የዛሬው ርዕሳችን ስለ ፊትና ስለ ዓይን ዙሪያ ቅባት ነው። «ይህ ደግሞ ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገናኘው ብዙ ነገር አለ። እንክብል መዋጥ የጀመረች እናት ፊቷ ላይ ማድያት ሲወጣባት መከላከያውን አቋርጣ ትቀራለች። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ፊት ያቀላል ተብሎ የተሸጠላትን ቅባት ምን እንዳለበት ሳታውቅ ትቀባለች። በሌላው ቤት ለልጅ ወተት የታሰበው ገንዘብ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ስለሆነም ነገሩ የመዋቢያ ብቻ ሳይሆን የጤናና የቤት ወጪ ጉዳይም ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት «ርካሹ ቅባት ይሠራል ወይስ ውድ መግዛት አለብን?» እያላችሁ ነው። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፤ ርካሹም ይሠራል፣ ነገር ግን ከቅባት የሚጠበቀው ሥራ ሦስት ብቻ ነው። አንደኛ የቆዳን እርጥበት ይይዛል። ሁለተኛ ከፀሐይ ይከላከላል። ሦስተኛ አንዳንዱ ቅባት ቀጫጭን መስመሮችንና ነጠብጣቦችን በወራት ውስጥ ጥቂት ያደበዝዛል። ከእነዚህ ያለፈ ተስፋ የሚሰጣችሁ፣ ይልቁንም በሳምንት ውስጥ ፊት እለውጣለሁ የሚል ቅባት ሲያጋጥማችሁ መጠርጠር ይገባል።

እርጥበት መያዝ

ቆዳችን ሁልጊዜ ውሃ ያተናል። በበጋ ወራት አየሩ ሲደርቅ፣ በዚያ ላይ ፊት በጠንካራ ሳሙና ሲታጠብ፣ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ ቀጫጭን መስመሮችም ጎልተው ይታያሉ። ቅባት ሲነካው ግን ወዲያው ይለሰልሳል። ብዙ ማስታወቂያ «መጨማደድን አጠፋ» የሚለው ይህንኑ ነው። መስመሩ አልጠፋም፤ ቆዳው ውሃ ስላገኘ ለጊዜው ሞላ ማለት ነው፤ ቅባቱ ሲቀር ተመልሶ ይታያል።

ለዚህ ሥራ ተራው ቫዝሊን ከማንኛውም ውድ ቅባት አያንስም። ግሊሰሪንም ውሃን ወደ ቆዳ ስለሚስብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ስለሚያጣብቅ ጥቂት ውሃ ቀላቅሎ መቀባት ይሻላል። ፊት ታጥቦ ገና እርጥብ እንዳለ መቀባት ከደረቀ በኋላ ከመቀባት ይበልጣል። ወዛም ፊት ያላችሁና ብጉር የሚያስቸግራችሁ ግን ከቫዝሊን ይልቅ ቀለል ያለ ሎሽን ምረጡ።

ዋጋ ሲጨምር ውጤት ይጨምራልን?

ይህን የመረመሩ አሉ። ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ ሸማቾች መጽሔት መጨማደድን ይቀንሳሉ የሚባሉ ቅባቶችን አስፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ውጤቱን አወጣ። በዋጋና በውጤት መካከል ዝምድና አልተገኘም፤ ከፊት የተገኘውም በዋጋ ከዝቅተኞቹ ወገን የነበረው የኦላይ ምርት ነው። ይሁን እንጂ ከሁሉ የተሻሉት እንኳ የመጨማደዱን ጥልቀት በአማካይ የቀነሱት ከ10 በመቶ ባነሰ ነበር፤ ይህም በዓይን ለይቶ ለማየት የሚያስቸግር ለውጥ ነው።

እንዲሁም በእንግሊዝ የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቡትስ በተባሉት መድኃኒት ቤቶች የሚሸጥ፣ ማንም ተራ ሰው ሊገዛው የሚችል ቅባት በ60 ፈቃደኞች ላይ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን አሳወቁ። ከ6 ወር በኋላ እውነተኛውን ቅባት ከተቀቡት 43 በመቶው፣ መሥሪያው የሌለበትን ተመሳሳይ ቅባት ከተቀቡት ደግሞ 22 በመቶው መሻሻል አሳዩ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። ርካሽ ቅባት ሊሠራ መቻሉ ተረጋግጧል። ነገር ግን በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለውጥ አላዩም። ስለዚህ ጎረቤትን የረዳ ቅባት እናንተን ባይረዳ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው የፀሐይ መከላከያ

ፊትን ቶሎ የሚያስረጅ፣ ማድያትንም የሚያጠቁር ዋናው ነገር ፀሐይ ነው። በአውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎች ለአራት ዓመት ተኩል ያህል ክትትል ተደርጎላቸው፣ በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ ክሬም የተቀቡት በፈለጉ ጊዜ ብቻ ከተቀቡት ይልቅ ቆዳቸው 24 በመቶ ያነሰ እርጅና እንዳሳየ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል።

እኛ ደግሞ የምንኖረው ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ፣ አብዛኛውም ከፍታ ላይ በሆነ አገር ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን ስታስቡ የአየሩ ቅዝቃዜ እንዳያታልላችሁ። ክሬም ከገዛችሁ በላዩ ላይ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቁጥር ያለበትን ምረጡ፤ ውጭ የምትውሉም ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ደግሙት። አቅም ካልፈቀደ ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የነጠላ ጥላም ትልቅ መከላከያ ነው። ጃንጥላ አንዴ ይገዛል፣ ለዓመታት ያገለግላል።

የዓይን ቅባትስ?

በትንሽ ብልቃጥ «ለዓይን ዙሪያ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ቅባት ከፊት ቅባት ብዙም አይለይም። ሽታ የሌለውና የማያቃጥል የፊት ቅባት ካላችሁ ለዓይን ዙሪያም ይበቃል፤ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ።

ከዓይን በታች የሚታይ ጥቁረት በብዙ ሰው ዘንድ ከዘር የሚወረስ ነው። እንቅልፍ ማጣትም፣ ዓይንን ደጋግሞ ማሸትም ያብሰዋል። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣው የዓይን ሥር እብጠት ደግሞ ስቡ ወደ ፊት በመውጣቱ የሚሆን ስለሆነ ቅባት አይመልሰውም።

እዚህ ላይ እንደ አዋላጅነቴ አጥብቄ የምነግራችሁ ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ከአምስተኛው ወር በኋላ ፊቷና የዓይኗ ዙሪያ በድንገት ቢያብጥ፣ ራሷን አጥብቆ ቢያማት፣ ዓይኗ ቢያጭበረብር ወይም ከጎድን አጥንቷ በታች ሕመም ቢሰማት፣ ይህ የቅባት ነገር አይደለም። የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ድርጅት ትምጣ። እናንተም ባሎች «እርግዝና ነው፣ ይለፍላታል» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ይዛችኋት ኑ። እንዲሁም ፊቷ የገረጣ፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታ እናት ደም አንሷት ሊሆን ይችላል። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ምርመራና የብረት እንክብል እንጂ የዓይን ቅባት አይደለም።

ማድያትና የወሊድ መከላከያ

ማድያት የሚመጣው ሆርሞን፣ ፀሐይና ዘር ሲተባበሩ ነው። በእርግዝና ጊዜ ብዙ እናቶች ላይ ይታያል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት በአብዛኛው ይደበዝዛል። ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ፣ በተለይም የሚዋጠው እንክብል፣ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ሊያመጣው ይችላል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ባል «ፊትሽ ምን ሆነ?» ይላል፤ ጎረቤት «እንክብሉ ነው» ትላለች፤ ሚስት ማንንም ሳታማክር ታቆማለች። ሌላ መከላከያ ስላልተካች ታረግዛለች። እርግዝና ደግሞ ከእንክብሉ ይልቅ ሆርሞንን የሚያበዛ በመሆኑ ማድያቱ ይብስባታል። ይህች እናት ያላሰበችውን ልጅም ያልፈለገችውን ማድያትም አንድ ላይ አገኘች ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። እንክብሉን ሳታቋርጡ ወደ እኛ ኑ። ሆርሞን የሌለበት መከላከያ አለ፤ ሉፕ አለ፣ ኮንዶምም አለ። መዳብ ያለበት ሉፕ አንዴ ከገባ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል፤ ሲፈለግም ይወጣል። ቀይራችሁም ማድያቱ በአንድ ጊዜ ላይለቅ ስለሚችል ከፀሐይ መጠበቁን አትተዉ።

አደገኞቹ ቅባቶች

ፈጥኖ የሚሠራ ቅባት ሁሉ መልካም አይደለም። ሦስት ዓይነቶችን ለዩ።

አንደኛው ሜርኩሪ ያለበት ነው። ፊትን ያቀላል፤ ነገር ግን በቆዳ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ወደ ጽንስም ተሻግሮ የሕፃኑን አንጎል ሊጎዳ ይችላል። በፎጣና በእጅም ወደ ቤተሰቡ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸው ፊት የሚያቀሉ ቅባቶች እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን፣ አምራቹ የማይታወቀውን ቅባት አትግዙ። በተጻፈበትም ላይ ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የሚል ካያችሁ ተዉት።

ሁለተኛው ስቴሮይድ ያለበት ነው። እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያሉት ሐኪም ለተወሰነ ሕመም፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ጥርት ያደርጋሉ። ቆይተው ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ደም ሥሩን ያሳያሉ፣ ብጉርና ጠጉር ያወጣሉ። በዓይን ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡም የዓይን ግፊትንና የዓይን ሞራን ሊያመጡ ይችላሉ። ለወራት ስትቀቡት የቆያችሁ ካላችሁ በድንገት ሲቆም ፊት ሊቆጣ ስለሚችል አቋራረጡን ሐኪም ይንገራችሁ።

ሦስተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ወራት ማድያትን ያደበዝዛል፤ ለዓመታት ሲቀቡት ግን ሊለቅ የማይችል ሰማያዊ መሰል ጥቁረት ያመጣል። በእርግዝና ጊዜ አይመከርም።

ሬቲኖልና ትሬቲኖይን በመጨማደድ ላይ ከሚሠሩት ጥቂት ነገሮች መካከል ናቸው፤ ትሬቲኖይን እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ለቀጫጭን የፊት መስመሮች ተፈቅዷል። ሆኖም ነፍሰ ጡሮችና ለማርገዝ የተዘጋጁ ሴቶች እንዳይቀቧቸው ለጥንቃቄ ይመከራል። ከሁሉ በላይ ለከባድ ብጉር የሚዋጠው አይዞትሬቲኖይን በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ፣ የምትወስደው ሴት ከመጀመሯ አንድ ወር አስቀድሞ፣ በምትወስድበት ጊዜና ካቆመች በኋላ አንድ ወር ድረስ አስተማማኝ መከላከያ ያስፈልጋታል።

የቤት ውስጥ ዘዴም ሁሉ ደኅና አይደለም። ሎሚ ፊት ላይ ጨምቆ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

• ገንዘቡን በመጀመሪያ ለፀሐይ መከላከያ፣ ቀጥሎ ለተራ የቆዳ ማለስለሻ አውሉት። ከዚያ የተረፈ ካለ ኒያሲናሚድ ያለበት ቅባት መሞከር ይቻላል፤ በእርግዝና ጊዜም አያሰጋም።

• አዲስ ቅባት ፊት ላይ ከመቀባታችሁ በፊት ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ለጥቂት ቀናት ሞክሩት። ካሳከከ ወይም ካቀላ ተዉት።

• በየሳምንቱ አትቀያይሩ። ነጠብጣብን ወይም መስመርን የሚቀንስ ቅባት ከሆነ ቢያንስ ሦስት ወር ስጡት። በዚያ ጊዜ ለውጥ ካላያችሁ ገንዘባችሁን አትጨምሩበት።

• ወደ ክሊኒክ ስትመጡ የምትቀቡትን ሁሉ ከነብልቃጡ ይዛችሁ ኑ። በተለይም ካረገዛችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ አሳዩን።

በመጨረሻም ለባሎች አንድ ቃል አለኝ። ሚስት በየገበያው ፊት የሚያቀላ ቅባት የምትፈልገው ብዙውን ጊዜ ስለ ፊቷ በሰማችው አንድ ቃል ምክንያት ነው። ማድያቱ የመጣው ልጃችሁን በማርገዟ፣ ወይም ሁለታችሁም የተስማማችሁበትን መከላከያ በመውሰዷ መሆኑን አስቡ። «አብረን ሄደን እንጠይቅ» ማለት አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ከብዙ ቅባት ይልቅም ያሳምራል።

ጥያቄ ያላችሁ አሁኑኑ ወይም በምርመራ ክፍል ለብቻችሁ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ።