ዕዳ ይከፈላል፣ ገመና ግን አይመለስም
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት ለተለዩን ወገኖቻችን ነፍስ ይማር እንላለን። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን ዕድሜያችንን መዝገብ ስንጽፍና ስንጠብቅ ስለኖርን፣ ስለ መዝገብ ብንናገር አታፍሩብንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

አንዲት የዕድራችን አባል ነበሩ፤ ስማቸውን አንጠራም። እንጀራ ጋግረው ለመሸጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣ ካንድ አበዳሪ ድርጅት ገንዘብ ተበደሩ። አንድ ቀን የድርጅቱ ሠራተኛ መጥቶ ቤታቸው ሰው ቢያጣ፣ ምን አደረገ መሰላችሁ? የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ፖስታ ውስጥ እንኳ ሳይከተው ለባለሱቁ ሰጥቶ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ስማቸው፣ የሒሳብ ቁጥራቸው፣ ቀሪ ዕዳቸውና «የሦስት ወር ያልከፈሉ» የሚለው ሁሉ ሰፍሯል። ሲመሽ ሰፈሩ በሙሉ አወቀ። የእንጀራ ደንበኞቻቸውም አንድ ባንድ ቀሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ለቅሶ ሆነ። ሴትዮዋ ከለቅሶ ቀርተው አያውቁም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ድንኳኑ ውስጥ አልታዩም። እኛም መዝገቡን ገልጠን «ቀሪ» ብለን ቅጣታቸውን ጻፍን። በኋላ ልባችን አላርፍ ሲለን ቤታቸው ሄድን። ካርኒያቸውን አወጡልን። ለካ ከሦስቱ ወር የሁለቱን ከፍለዋል! ገንዘቡ የገባው በስም በሚመስሏቸው በሌላ ሰው ሒሳብ ላይ ነው። አብረናቸው ወደ ድርጅቱ ሄድን፤ ኃላፊው መዝገቡን አይቶ አስተካከለ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ሴትዮዋ ግን «ወረቀቱን አስተካከላችሁልኝ፤ ሰፈሩን ማን ያስተካክልልኛል?» አሉ። መልስ የሰጠ የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ይኸው ነው።

በድሮ ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ነው። ሰው ሁሉ በመንገድ ያያቸዋል። ያ ሥርዓት ከቀረ ቆይቷል። የሰውን ዕዳ ሱቅ ላይ ማንጠልጠል ግን ያው ቁራኛ ነው፤ ልዩነቱ ሰንሰለቱ ወረቀት መሆኑ ብቻ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው ግላዊ ሕይወት የተከበረ መሆኑን ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ሰው ስለ እርሱ የተመዘገበውን የማየትና ስሕተቱ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት አለው። መዝገብ ያዡም የያዘውን መጠበቅ ግዴታው ነው። አቤቱታ ያለው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላል።

አንዳንዱ «ካላፈረ መቼ ይከፍላል?» ይለናል። ወገኖቼ፣ ዕዳ አይከፈል አላልንም። አበዳሪ ባለዕዳውን ራሱን መጠየቅ፣ ለዋሱ መናገር፣ ፍርድ ቤትም መክሰስ ይችላል። ዋስ ፈርሟልና ማወቅ ይገባዋል። ባለሱቁ ግን ምን ፈረመ? ደግሞስ ደንበኛዋን ያጣች ጋጋሪ በምን ትከፍላለች?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛው ራሳችን፣ ይህን የምንናገረው፣ የወርሃዊ መዋጮ ያላሟሉትን ስም ጽፈን ሰሌዳ ላይ ስንለጥፍ ኖረናል። የሒሳቡን ገጽ በስልክ አንስቶ ለሰፈሩ በቴሌግራም የላከም አለ። ስለዚህ ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት በደላችንን እናምናለን። የሴትዮዋንም ቅጣት ሰርዘናል።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦

1ኛ. ውዝፍ ያለበት አባል ለብቻው፣ በታሸገ ፖስታ ይነገረው።
2ኛ. በስብሰባ ላይ ጠቅላላ የውዝፉ ልክ ብቻ ይነበብ፤ ስም አይጠራ።
3ኛ. መዝገቡ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ፎቶግራፍም አይነሣ።
4ኛ. ማንኛውም አባል የራሱን ገጽ ለማየት ሲጠይቅ ይፈቀድለት፤ ካርኒውም ከመዝገቡ ጋር ሳይመሳከር «አልከፈለም» አይባል።

ዕድር የቆመው የወገኑን ሬሳ በክብር ለመሸኘት ነው። ሞቶ የምናከብረውን ሰው በቁሙ ብናዋርደው፣ ድንኳን መትከላችን ምን ይረባዋል? ሴትዮዋ ዕዳቸውን ከከፈሉ ቆይተዋል። ወደ ድንኳኑ የተመለሱት ግን ገና ባለፈው ወር ነው። ጎረቤት ሁሉ ተነሥቶ ቦታ ሲለቅላቸው አይተናል።