ደስታ የተባለው ጠላትና ያሸነፉት ሊቃውንት

(በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ምሽት የተሰጠ ንግግር)




የከብት ሕክምና ለመማር መቍረጤን በሰማበት ቀን አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከልቡ ሳቀ። «ከዚህ ሁሉ ትምህርት በኋላ የላም ሐኪም ልትባል ነው?» አለኝ። እርሱም ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም። ያን ጊዜ መልስ አጣሁ። የዛሬው ንግግሬ ያን ቀን ያጣሁት መልስ ነው።

በአገራችን «ክፉ ቀን» የሚባለውን ዘመን ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየ ረኀብ ነው። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ቢያባብሱትም በሩን የከፈተለት የከብት በሽታ ነበረ። የበሽታው ስም ደስታ ነው፤ ግብሩ ግን የስሙ ተቃራኒ። የያዘው ከብት ትኩሳት ይነሣበታል፤ ዓይኑ ያነባል፤ አፉ ይቆስላል፤ ተቅማጥ ያጣድፈዋል፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ይሞታል። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በሽታው የገባው በ1887 እ.ኤ.አ. ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስመጧቸው ከብቶች ጋር ሲሆን፣ ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠናው ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ሞፈር ተሰቀለ፤ ሞፈር ሲሰቀል ጎተራ ተራቆተ፤ ጎተራ ሲራቆት ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እስከ መሆን ደረሱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ የጨረሰው በሽታ ሰውን ከቶ የማይዝ በሽታ ነው። የከብት ሐኪም የሰው ሐኪም የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በሽታው በእኛ ዘንድ አላበቃም፤ ወደ ደቡብ እየገሠገሠ በአሥር ዓመት ውስጥ የአፍሪካን ጫፍ ነካ። አውሮፓም ቢሆን ለብዙ መቶ ዓመታት ያለቀሰችበት ጠላት ነበረ። በ1761 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ክሎድ ቡርዥላ የመጀመሪያውን የከብት ሕክምና ትምህርት ቤት እንዲከፍት ከገፋፉት ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው በሽታ ነው። ጓደኛዬ የሳቀበት ሙያ የተወለደው ከዚህ መከራ ነው።

ታላቁ ሮበርት ኮክ በ1896 ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጠርቶ ሄደና በበሽታው ከሞተ ከብት ሐሞት ወስዶ ጤነኛውን መውጋት ጀመረ። ዘዴው ጥቂቱን አዳነ፤ ብዙ ጉድለትም ነበረበት። በ1902 ኒኮልና አዲል ቤይ በቍስጥንጥንያ ሆነው የበሽታው መንሥኤ በጠባብ ማጣሪያ የሚያልፍ እጅግ ረቂቅ ነገር መሆኑን አስረዱ፤ ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነው። በ1920ዎቹ ኤድዋርድስ የሚባል ተመራማሪ በሕንድ አገር ቫይረሱን ከፍየል ወደ ፍየል እያስተላለፈ አደከመው። ይህ ክትባት ብዙ ከብት ቢያድንም ለአንዳንዱ ዘር እጅግ ብርቱ ሆነበት።

ዋናው ድል የመጣው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የከብት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በሙጉጋ ላቦራቶሪ ተቀምጦ፣ ከጥጃ ኩላሊት በተወሰደ ሕዋስ ላይ ቫይረሱን ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ ዘጠና ጊዜ ያህል አዛወረው። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሁለት ጊዜም አይደለም፤ ዘጠና ጊዜ! እኛ አንድ ሙከራ ሁለት ጊዜ ድገሙ ስንባል እናጕረመርማለን። በ1960 ገደማ የተገኘው ክትባት ከብቱን አያሳምምም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም፤ አንድ ጊዜ የተከተበውንም ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቀዋል።

ታዲያ ክትባቱ ከተገኘ ዘንድ በሽታው ለምን ወዲያው አልጠፋም? ከ1962 እስከ 1976 ድረስ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተባብረው ከብታቸውን ከተቡ፤ በሽታውም ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። «ጥቂት ቀረው» ማለት ግን «ጠፋ» ማለት አይደለም። መንግሥታት ሲዘናጉ፣ በየጥጉ ተደብቆ የቀረው ቫይረስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተነሥቶ እስከ ናይጄሪያ ድረስ ከብት ፈጀ። ፍሙ ሳይጠፋ አመዱን አይቶ የተኛ ሰው ቤቱን ያቃጥላል።

ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። ይህን እኔ ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ትንሽ ልጅ ሳለሁ በቀበሌያችን ገላን በእብጠት የሚሞላ የከብት በሽታ ገባ። ከታቢው ረጅም መንገድ በእግሩ ተጕዞ ሲደርስ በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ቀልጦ ውኃ ሆኖ ነበር። ከብቶቹ ተወጉ፤ ሆኖም ከሁለቱ የአባቴ በሬዎች አንዱ ሞተ። በዚያ ዓመት አባቴ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራ ሲጠብቅ ዝናሙ አለፈው። ከታቢው አልዋሸንም፤ መድኀኒቱ መንገድ ላይ መሞቱን እርሱም አላወቀም።

የፕላውራይትም ክትባት ይኸው ድካም ነበረበት። ጄፍሪ ማሪነር የተባለ አሜሪካዊ የከብት ሐኪም ክትባቱን የማድረቅ ዘዴ አሻሽሎ ያለ ማቀዝቀዣ አንድ ወር ያህል እንዲቆይ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ክትባቱ መኪና በማይደርስበት በረሃ በእግርና በግመል መጓዝ ቻለ። በአፋር ምድር የተደረገውም ይህ ነው። ከአርብቶ አደሩ መካከል ሰዎች ተመርጠው ሠለጠኑና የገዛ ወገኖቻቸውን ከብት ከተቡ። ሊቃውንቱም ከአርብቶ አደሩ ተማሩ፤ በሽታው በየትኛው ውኃ፣ በየትኛው ወር እንደ ታየ የሚያውቀው እርሱ ነውና። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ በ1995 በአፋር ታየ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉ ይልቅ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፤ ክትባቱን ማቆም። የተከተበና የታመመ ከብት ደሙ ሲመረመር አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያል። ስለዚህ በሽታው መጥፋቱን ለማረጋገጥ ክትባትን አቁሞ፣ ከዚያ በኋላ የተወለዱትን ጥጆች ደም እየመረመሩ መጠበቅ ግድ ሆነ። በዓለም የመጨረሻው በሽተኛ በ2001 በኬንያ ታየ። በ2011 ደስታ ከምድር ላይ መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። በአፍሪካ ለክፉ ቀን የሚጠበቀው የክትባት መጠባበቂያም በእኛው በደብረ ዘይት ይገኛል።

ጓደኞቼ፤ ይህን የተናገርኩት በድል እንድንኮፈስ አይደለም። የደስታ ዘመድ የሆነ በሽታ ዛሬም በጎቻችንንና ፍየሎቻችንን ይፈጃል፤ እስከ 2030 እንዲጠፋ ዓለም ቀጠሮ ይዞለታል። በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው የገንዲ ጥገኛ ደግሞ የላይ ልብሱን እየለወጠ የከብቱን ደም ስለሚያታልል እስካሁን ክትባት አልተገኘለትም። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ከቀደሙት ነን እያልን እንመካለን፤ ከብቱ ካልዳነ ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በመጪው ክረምት ወደየአገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። በመንደራችን ከብት የሚገድለው ምን እንደ ሆነ፣ ገበሬው በምን ስም እንደሚጠራው፣ በየትኛው ወር እንደሚነሣ፣ የመጨረሻው ክትባት መቼ እንደ መጣና በረዶው ቀልጦ እንደ ነበረ ወይም እንዳልነበረ ጠይቀን እንጻፍ። ስንመለስ ደብተሮቹን ሰብስበን ለመምህራኖቻችን እናቅርብ። ይህን ለማድረግ የከብት ሕክምና ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ የሕግም የታሪክም ተማሪ ይችላል።

የሳቀብኝ ጓደኛዬም አንድ ደብተር እንዲይዝ አደራ እላለሁ። የላም ሐኪም ተብዬ ብጠራ ግን አላፍርም።