ስም ሲሸጥ ምን ይሸጣል?

(በመካነ ሰላም ግቢ፣ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)




ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. የህንዱ ታታ ሞተርስ የኢጣሊያውን የጭነት መኪና ሠሪ ኢቬኮ ግሩፕን ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። ዋጋው፣ የጦር ተሽከርካሪ የሚሠራው ክፍል ሳይቆጠር፣ 3.8 ቢሊዮን ዩሮ ነው። የጦሩ ክፍል ደግሞ ለብቻው በ1.7 ቢሊዮን ዩሮ ሌዎናርዶ ለሚባለው የኢጣሊያ ኩባንያ እንዲሸጥ ተስማሙ። ከሻጮቹ ዋነኛው ኤክሶር የተባለው የአኜሊ ቤተሰብ ኩባንያ ነው። ፊያትን በ1899 በቶሪኖ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የዚሁ ቤተሰብ አያት ጆቫኒ አኜሊ ነበር። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ በጭነት መኪና ሥራ የኖረ ቤተሰብ እጁን ለማውጣት ተስማማ ማለት ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቶሪኖና በሙምባይ መካከል የተደረገ ውል ለመካነ ሰላም ምኗ ነው? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አንቆጣም። እኛም ይህን ንግግር ስናዘጋጅ በመጀመሪያ የጠየቅነው ይህንኑ ነው።

አገራችን ባቡር አያውቅም። ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ዘይቱ፣ እኛ በምግብ አዳራሹ የምንበላው ሳይቀር ከደሴ ተነሥቶ ብርዳሙን ጉጉፍቱን አልፎ፣ በአቅስታ በኩል በጭነት መኪና ይመጣል። ስንዴው፣ ጤፉ፣ በጉና የባሕር ዛፍ አጣናው በዚያው መንገድ ይወጣል። በምዕራብ በኩል ደግሞ የዓባይ ሸለቆ አለ፤ ወደ ጎጃም የሚሻገር መኪና ሙቀቱን ወርዶ ዳገቱን ይወጣል። በእንዲህ ያለ አገር የቦረናው፣ የሳይንቱ፣ የለጋምቦው፣ የወግዲውና የከለላው ገበሬ ለእህሉ የሚያገኘው ዋጋ በባሌስትራና በፍሬን ጭምር ይወሰናል። አንድ መኪና መለዋወጫ አጥቶ አንድ ወር ቢቆም ኪሣራው በባለመኪናው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ኪራይ ዋጋ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ጨውና ወደ ሳሙና ዋጋ ይዞራል።

አሁን የተናገርናቸውን ቃላት ልብ ብላችኋል? ባሌስትራ የኢጣሊያ ቃል ነው። ፍሬንም፣ ጎማም፣ ጎሚስታም፣ ፍሪሲዮንም፣ ካምቢዮም፣ ማርሚታም፣ ካቻቢቴም እንደዚሁ። እንኳን ዕቃው ነዳጁም ከዚያው ጋራ መጣ፤ ፊያት 634 ኤን በሚባለው በ1931 በወጣው መኪና ላይ ያለችው «ኤን» ፊደል ናፍታ ማለት ነች፣ የኛው ናፍጣ። ያ መኪና ወደ አገራችን የገባው ከፋሺስት ጦር ጋራ በወረራው ዘመን ነው፤ ወራሪው በ1941 ሲባረር መኪናው ቀረና ሕዝቡ ከቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለውን 34 ይዞ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። በ1952 የወጣው የፊያት 682 ዘር ደግሞ «ኤንትሬ» ተባለ። በጠላት እጅ የመጣ ዕቃ በሹፌርና በመካኒክ እጅ አገርኛ ሆነ። ይህ ለክርክራችን መሠረት ነው፤ የመኪና ስም የሚኖረው ከፋብሪካው በር ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ይልቅ በሠሪና በጠጋኝ አፍ መሆኑን ያሳያልና።

በ1970 በአዲስ አበባ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ሁላችሁም በስሙ አምቼ ብላችሁ ታውቁታላችሁ። የአክሲዮኑ 70 በመቶ የኢቬኮ፣ 30 በመቶ የኢትዮጵያ መንግሥት ሆኖ ኖሯል። ስሙ በሕዝቡ ዘንድ ምን ያህል እንደ ገባ ለማወቅ፣ እዚህ ተወልደው ያደጉ ኤርትራውያን «አምቼ» መባላቸውን ማስታወስ ይበቃል፤ ዕቃው ከውጭ መጥቶ እዚህ የተገጣጠመ ለማለት ነው። የቀልዱን ደግነትና ክፋት ለሌላ ጉባኤ እንተወው።

ኢቬኮ የሚለው ስም ራሱ ከባለቤትነት ለውጥ የተወለደ ነው። በ1975 ፊያት የራሱን የጭነት መኪና ክፍል ከኦ.ኤም.ና ከላንቻ፣ ከፈረንሳዩ ኡኒክና ከጀርመኑ ማጊሩስ ዶይትዝ ጋራ አንድ አድርጎ አዲስ ስም አወጣለት። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የታየ ለውጥ ቢኖር የመኪናው ግንባር ላይ ያለው ጽሕፈት ነው። ሰው ግን ፊያት ማለቱን አልተወም። ስሙ ተለወጠ፤ የሚፈታውና የሚታሰረው ዕቃ ግን ዝምድናውን ስላላቋረጠ መካኒኩ አልተቸገረም።

ይህ ዕድል ለሁሉም አይደርስም። ኢቬኮ በ1990 የስፔኑን ኤናሳን ገዛ፤ የኤናሳ መኪና ስም ፔጋሶ ነበር፣ ስፔናውያን የሚኮሩበት። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ፔጋሶ የሚል ስም ከጭነት መኪና ላይ ጠፋ። የማድሪዱ ፋብሪካ ግን አልተዘጋም፤ የኢቬኮን ከባድ መኪና መሥራት ቀጠለ። ሠራተኛው እንጀራውን አላጣም፣ ስሙን አጣ። ይህ ጉዳት ነው ወይስ አይደለም? ከኛ መካከል የሐሳብ ልዩነት ተነሥቶ ነበር፤ አብዛኞቻችን እንጀራው ይበልጣል አልን።

የላንድሮቨር ነገር ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ታታን ራሱን ስለሚነካ ጥቂት እንቆይበት። ላንድሮቨር በ1948 ከሮቨር ኩባንያ ወጣ። በ1967 ሮቨር ወደ ሌይላንድ ገባ፤ በ1988 ለብሪቲሽ ኤሮስፔስ፣ በ1994 ለጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ.፣ በ2000 ለአሜሪካው ፎርድ ተላለፈ፤ በመጨረሻም በ2008 ታታ ከጃጓር ጋራ አንድ ላይ በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ፎርድ ለሁለቱ ከዚህ እጥፍ ያህል ከፍሎ ነበርና በኪሣራ ወጣ ማለት ይቻላል። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ቅኝ ተገዢ የነበረ አገር የገዢውን መኪና ገዛ ተብሎ ብዙ ተወራ፤ ደስ ያላቸውም ነበሩ፣ ያልተዋጠላቸውም ነበሩ። ነገሩን በሒሳብ ስናየው ታታ ስሙን አልገደለም፤ ገንዘብ አፍስሶበት አዳዲስ መኪናዎች አወጣ። ነገር ግን ገጠሩ የሚያውቀው ሻንሲው ለብቻው፣ አካሉ ለብቻው የሆነው፣ ቀጥ ያለ አክስል ያለውና በመዶሻና በቁልፍ የሚጠገነው ዲፌንደር ከሁለት ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ ጥር 2016 ላይ ማምረቻው ቆመ። በ2019 በዚያው ስም የወጣው መኪና በስሎቫኪያ አገር የሚሠራ፣ ሻንሲና አካሉ አንድ የሆነ፣ በኮምፒዩተር የሚመረመር የሀብታም መኪና ነው። እዚህ ስሙ ዳነ፣ ዕቃው ሞተ። በደጋው መንገድ ላይ ለሚሠራ ሰው የትኛው ሞት ይብሳል ብትሉን፣ ያለ ጥርጥር ሁለተኛው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ይህ ሁሉ ምን አገባን፤ መንገዱን ሲኖትራክና አይሱዙ ሞልቶታል» ብለው ተቃወሙን። እውነት አላቸው። ሕዝቡ በአደጋቸው ብዛት አንዱን «ቀይ ሽብር»፣ ሌላውን «አልቃይዳ» ብሎ እስኪሰይማቸው ድረስ በዝተዋል። ሆኖም እነዚህም ቢሆኑ ከባለቤትነት ለውጥ ውጭ አይደሉም። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ከ1971 ጀምሮ የአይሱዙ ትልቅ ባለአክሲዮን ነበር፤ በ2006 የቀረውን ድርሻውን ሸጦ ወጣ። ኤን.ፒ.አር. የሚነዳ ሹፌር ይህን ሰምቶ ያውቃል? አልሰማም፤ የሚሰማበትም ምክንያት አልነበረውም፤ አይሱዙ ሞተሩን ራሱ ይነድፋል፣ ራሱ ይሠራልና። በሲኖትራክም የጀርመኑ ማን ኩባንያ በ2009 የ25 በመቶና የአንድ አክሲዮን ባለቤት ሲሆን መኪናው ሲኖ መሆኑን አልተወም።

ስለዚህ የባለቤት መለወጥ ብቻውን ክፉም ደግም አይደለም። ጠቃሚው ጥያቄ ከኮፈኑ ሥር ያለው ነው፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን ማን ይሠራል? የኢቬኮ ሞተር የሚመጣው ኤፍ.ፒ.ቲ. ከሚባለው ከራሱ ከግሩፑ ክፍል ነው፤ እርሱም በሽያጩ ውስጥ አብሮ አለ። ታታ ግን ከ1993 ጀምሮ ከአሜሪካው ከሚንስ ጋራ በሽርክና በጃምሼድፑር ሞተር ያስመርታል። አንድ ባለቤት ሁለት የሞተር ዘር ሲኖረው ውሎ አድሮ ሒሳብ አዋቂው አንዱ ይበቃናል ማለቱ የተለመደ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ኢቬኮ የሚል መኪና ከፍተን ከሚንስ ብናገኝ አንደነቅም። ይህ መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ ከሚንስ በዓለም የታወቀ ሞተር ነው። ነገር ግን ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ መደርደሪያ ላይ ያለው ፒስተን፣ ጓርኒሲዮንና ፓምፕ ለአዲሱ አይሆንም፤ የአሮጌውም ከዓመት ዓመት ይጠፋል። በአውሮፓ አንድ ከባድ መኪና ጥቂት ዓመት ሠርቶ ይሸጣል፤ በእኛ አገር ግን ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። የመለዋወጫ ዕድሜ በአውሮፓ ልክ ከተቆረጠ ጉዳቱ የሚደርሰው በእኛ ላይ ነው። ከሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደ ሆነ ለነጋዴ ልጆች መንገር አያስፈልገንም።

ስለ ታታ የሚነገር ሌላም ነገር አለ፤ እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን ይኸው ነው። ዛሬ ገዥ ሆኖ የቀረበው ይህ ኩባንያ በ1945 ሲቋቋም የባቡር ሞተር ይሠራ ነበር፤ የጭነት መኪና አያውቅም። በ1954 ከጀርመኑ ዳይምለር ቤንዝ ጋራ የ15 ዓመት ውል ተዋዋለና የመርሰዲስን ኮከብ የለበሰ መኪና በህንድ መሥራት ጀመረ። የህንድ መንግሥት ከውጭ የሚገባውን መኪና ገድቦ፣ በአገር ውስጥ የሚሠራው ዕቃ ከዓመት ዓመት እንዲጨምር ያስገድድ ነበር። ውሉ በ1969 ሲያልቅ ኮከቡ ወረደ፤ መኪናው ግን መሠራቱን ቀጠለ፣ በታታ ስም።

አምቼ የተቋቋመው በ1970 ነው። ታታ የሰው ስም ካወረደ በዓመቱ እኛ የሰው ስም መገጣጠም ጀመርን። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ህንድ ሰፊ ገበያ አላት፣ የብረት ፋብሪካም ነበራት፤ እኛ ሁለቱም አልነበረንም፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ካሶኒውንና ተሳቢውን የአገራችን ወርክሾፖች እንደሚሠሩም እናውቃለን። ነገር ግን የገበያ ጥበት ሁሉን ነገር አያስረዳም። ባሌስትራ ማጠፍ፣ የፍሬን ሸራ ማዘጋጀት፣ ራዲያተር መሥራት ሰፊ ገበያ ከሚጠይቁት ሥራዎች ወገን አይደሉም።

የራሳችንን ስም የማውጣት ሙከራም አልጠፋም። ሆላንድ ካር የተባለው ድርጅት በሞጆ የቻይና መኪናዎችን እየገጣጠመ ዓባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ ብሎ ሰየማቸው። ከበታችን የሚፈሰው ወንዝ መኪና ሆነ ብለን የተደሰትን ነበርን። ድርጅቱ በ2013 ሲዘጋ ስሞቹም አብረው ቆሙ፤ ሞተሩም ሻንሲውም የሌላ ሰው ነበርና ስሙን የሚሸከም ዕቃ አልቀረም። ፔጋሶ ቢያንስ ፋብሪካ ትቶ ሞተ።

እንግዲህ የኢቬኮ ባለቤት ሲለወጥ በአምቼ የመንግሥትን 30 በመቶ ወክሎ በስብሰባው የሚቀመጥ ሰው ምን ይጠይቅ? እኛ ብንሆን ስለ ስሙና ስለ ሰሌዳው ቃል አንተነፍስም። ለኢጣሊያ ወገን ዋና መሥሪያ ቤቱ ቶሪኖ እንዲቆይ ቃል ተገብቶለታል፤ የኢጣሊያ መንግሥትም በ2021 የቻይናው ፋው ኩባንያ ኢቬኮን ሊገዛ ሲደራደር ዝም ብሎ አልተመለከተም፤ ድርድሩም ፈረሰ። ሰው ለአገሩ እንዲህ ይጠይቃል። እኛ የምንጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ዛሬ በመንገድ ላይ ላለው ትራከር መለዋወጫ ለስንት ዓመት እንደሚቀርብ በጽሑፍ ይሰጠን፤ የሞተሩ ዓይነት ከተለወጠ መካኒኮቻችን ከመለወጡ በፊት ይሠልጥኑ፤ በቀላሉ የሚሠሩት ዕቃዎች ሥዕልና ልክ እዚህ አገር ለሚሠራቸው ወርክሾፕ ይፈቀድ። ታታ ከዳይምለር የጠየቀው ከዚህ የበለጠ ነበር፤ አግኝቶታልም። የጠያቂን ጉዳይ ከርሱ የተሻለ የሚያውቅ ሻጭ እስከ ዛሬ ለአምቼ አልገጠመውም።

መምህራኖቻችን በሒሳቡ በኩል፣ ጓደኞቻችንም በሹፌርነትና በጋራዥ ከሚሠሩ ወንድሞቻቸውና አባቶቻቸው የሰሙትን ይዘው እንዲከራከሩን መድረኩን ለቀናል።